«እድሩ አይቅበረኝ» ያሉት የአቶ ሙሴ ዳና ዜና ሕይወት

አቶ ሙሴ ዳና ከአባታቸው ከአቶ ዳና ላንካሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅነሽ አንጁሎ በ1921 ዓ.ም. በወላይታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ሲሆን፣ በሂሳብ ፍቅራቸው መምህራኑን ያስቸግሩ እንደነበር ይነገራል።

አዋሳ ስትቆረቆር መጥተው በግንባታ ተቆጣጣሪነት እስከ ጡረታ አገልግለዋል። የማንኛውንም ዕቃ ዋጋ ሲጠይቁ «እስኪያረጅ ድረስስ ስንት ይበላል?» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ወይዘሮ ታቢታን ለጋብቻ ሲጠይቁ ግን ይህን ጥያቄ ስላላነሱ፣ ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ያመሰግኗቸዋል።

ይህ የተሰበሰብንበት የእድራችን አዳራሽ ያን ጊዜ ኮርኒስ አልነበረውም፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ለቀስተኛው ለሟቹ ማልቀሱን ትቶ ለራሱ ማልቀስ ይጀምር ነበር። አቶ ሙሴ ኮርኒስ ይሠራ ቢሉ ተወደደብንና፣ የመብራቱንና የጥገናውን ወጪ ደምረው ቢያስጠነቅቁንም ርካሽ ቬንቲሌተሮች ገዛን። በወይዘሮ ሽታዬ ቀብር ዕለት ቬንቲሌተሩ ዜና ሕይወታቸውን ከእጄ ነጥቆ በተነው፤ እኔም የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን እንደተለቀመ ባነበው፣ ሴትየዋን ሳይወለዱ ድሬያቸው፣ የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ ትምህርት ቤት አስገባኋቸው።

ከዚያ በኋላ በ1969 ዓ.ም. በተጠራው ጉባኤ ስለ ኮርኒሱ ማጉረምረሙ ባይቀርም፣ አቶ ሙሴ ተነሥተው በመብራትና በጥገና ከሚተርፈው ገንዘብ ኮርኒሱ በአሥር ዓመት ውስጥ ወጪውን ካልመለሰ እድሩ አይቅበረኝ ብለው ማሉ። ወይዘሮ ታቢታ በኮታቸው ጎትተው ሊያስቀምጧቸው ቢሞክሩም ቃሉ ወጥቶ ነበርና ኮርኒሱ ተሠራ።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ አሥሩ ዓመት እያለቀ ስለነበር፣ ጭንቀታቸው ከሕመሙ ይልቅ ያ መሐላ ነበር። ኮሚቴው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ወጪው መመለሱን ቢያበስራቸው፣ በክረምት ፈርሶ የተጠገነው ጥግ አልተቆጠረም ብለው ሂሳቡን እንደገና አስጀመሩን። ወይዘሮ ታቢታ በንዴት አለቀሱ። ጥገናው ተቀንሶም ትርፍ ተገኘ፤ አቶ ሙሴም ፈገግ ብለው አመሰገኑን፤ በዚያው ሳምንት በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ሙሴ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታቢታን፣ ልጆቻቸውን ብዙአየሁንና ብርቅዬን እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። እድራቸው ዛሬ በሙሉ ክብር ይቀብራቸዋል። ውጭው በፀሐይ ይነዳል፤ እኛ ግን እርሳቸው ባሠሩት ኮርኒስ ሥር ተቀምጠን የምናለቅሰው ለራሳችን ሳይሆን ለእርሳቸው ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በማያረጀው ቤቱ ያሳርፍልን።