ሃምሳ አለቃ ሽበሺ የጠበቁት ደብተር

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ሽበሺ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደው፣ ያዘዙት ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከወዲያኛው ጫፍ ወረቀት ስታነብ የነበረች ወጣት ቀና ስትል አየቻቸውና ብድግ አለች። ባህል አዳራሽ ሰፈር አጥር ለአጥር የሚዋሰኗቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሐዳሳ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች።

“ኧረ በእግዚአብሔር ተቀመጪ! ለእኔ ነው የምትነሺው?” አሉ። ባትነሣ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ቅር ብሏቸው እንደሚከርም ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

“እንዴት አደሩ ጋሽ ሽበሺ? ሰኞ የማስተምረውን እያየሁ ነው። ስለ ፈንጂ ነው።”

ሽበሺ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በወጣትነታቸው በምሥራቁ ጦርነት ፈንጂ ቀባሪ ወታደር ነበሩ። “ታዲያ ወረቀት ምን ያደርግልሻል? እኔን አትጠይቂም?”

“ወረቀቱማ አገራችን የገባችው ቃል ነው። ሰው የሚጎዳ ፈንጂ ላትቀብር፣ ያላትን ልታጠፋ፣ የተቀበረውን ልታወጣ፣ የተጎዳውን ልትረዳ ከሌሎች አገሮች ጋር ተስማምታለች።”

“ሰምቻለሁ። አትቀየሚኝና ልጄ፣ ይህ የደላው ሰው ሕግ ነው። ጠላት ሲመጣ ፊርማሽን ልታሳዪው ነው? ታንክ እንደሁ ማንበብ አይችልም።”

ሐዳሳ ሳቀች። አነጋገራቸው ያምር ነበር፤ ያማረ ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

“አገር አትጠበቅ ያለ የለም ጋሼ። ዘብ ይቁም። ግን ዘብ በጨለማ ኮቴ ሲሰማ መጀመሪያ ምን ይላል?”

“‘ማነህ?’ ይላል።”

“ፈንጂስ?”

ሽበሺ ዓሣው ደርሶ እንደሁ ለማየት ወደ መጥበሻው ዞር አሉ።

“ፈንጂ አይጠይቅም። ዘብ ደግሞ ጦርነቱ ሲያበቃ ቤቱ ይገባል። እርስዎ ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመትዎ ነው? የቀበሩት ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።”

“ሌላው ሳይተው እኛ ብቻ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?”

“ሁሉም ሌላውን ከጠበቀማ ማን ይጀምራል? እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ገና ያልገባንባቸው ስምምነቶች አሉ፤ ከሰማይ ተበትነው ሳይፈነዱ የሚቀሩትን ትንንሽ ቦምቦች የሚከለክለው አንዱ ነው። በዚህኛው ግን ቃል ገብተናል። ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው።”

ይህ አባባል ሽበሺን ወጋቸው። እሳቸው በቃላቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ አዛዣቸው ሻምበል ክብሩ፣ አንድ ጉብታ ላይ የቀበሯቸው ፈንጂዎች ቦታ የተነደፈበትን ደብተር ሰጥቷቸው፣ “ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ” አላቸው። ሻምበሉ በወሩ ተሰዋ። ሽበሺ ግን ትእዛዙን እንደያዙ ቀሩ። መንግሥት ተለወጠ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ሐዋሳ ገቡ፤ ደብተሩም አብሯቸው ከሳጥን ወደ ሳጥን ተዛወረ። ከሦስት ዓመት በፊት የድሮ ወታደሮችን እየፈለጉ ስለ ፈንጂ የሚጠይቁ ሁለት ባለሙያዎች ቤታቸው መጥተው ነበር። “አላውቅም” ብለው ሸኟቸው። በዚያ ምሽት ሻምበሌ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር ብለው ተኙ። ታማኝነት አስተዋይነት ሲጎድለው ምን ያህል ክፉ እንደሚሆን ማን በነገራቸው!

ዓሣው መጣ። ሐዳሳ እጇን ሳትሰነዝር ቀጠለች።

“ዓምና ለጥናት ወደ ምሥራቅ ሄጄ ነበር። ባለ ግራሩ ጉብታ የሚሉት ቦታ አለ። አስማ የምትባል ሴት አገኘሁ፤ እኔ ከመሄዴ ከአራት ወር በፊት እንጨት ልትለቅም ወጥታ እግሯን ያጣች።”

የሽበሺ እጅ ከሳህኑ ላይ ቆመ። “እዚያ … እዚያ እኮ ሰው አይኖርም ነበር።”

“ሰላም ሲሆን ሰው ይመጣል ጋሼ። አሁን መንደር ነው። የቀበረውን ሰው ትረግሚዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ‘ማን እንደቀበረው አልጠይቅም፤ ልጆቼ በዚያው ነው ውሃ የሚቀዱት፤ የቀሩት የት እንዳሉ ብቻ ይንገረኝ’ አለችኝ።”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሽበሺ ግን አልረሱም ነበር፤ የእሳቸው ጥፋት አለመርሳታቸውን መደበቃቸው ነው።  አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ ተጠግቶ ሳህኑን ሲጎበኝ እንኳ እሽ አላሉትም።

“ከትልቁ ግራር ወደ ፀሐይ መውጫ ሠላሳ እርምጃ” አሉ በመጨረሻ። “ከዚያ ሦስት ረድፍ። በየአራት እርምጃው አንድ።”

ሐዳሳ ወረቀቷን አስቀመጠች። “ጋሽ ሽበሺ …”

“ደብተሩ እኔ ጋ ነው። መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። አላውቅም አልኳቸው! ያን ቀን ብሰጣቸው ያቺ ሴት ዛሬ በሁለት እግሯ …” አልጨረሱትም። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ባጃጅ ይዘው ቤት ገቡ። ሽበሺ ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ጎትተው፣ በፌስታል የተጠቀለለውን ደብተር አወጡ። ሐዳሳ ቢጫ የሆኑትን ገጾች በጥንቃቄ ገለጠች።

“አገር ትፈርማለች” አለች ቀስ ብላ፣ “ቃሏን የሚፈጽምላት ግን ሰው ነው። ይህ ደብተር ከደረሳቸው ፈንጂ የሚያመክኑት ሰዎች በጭፍን አይፈልጉም። ያ መሬት ይታረሳል፤ የውሃው መንገድ ይከፈታል፤ ልጆቹም ሳይፈሩ ይሮጡበታል።”

“እኔም ስቀብር አገሬን የጠቀምኩ መስሎኝ ነበር። እንኪ፣ ውሰጂው።”

“ብቻውን አይበቃም። ጎርፍ ስንቱን ፈንጂ ከቦታው ወስዶት ይሆናል፤ ግራሩም ተቆርጦ ይሆናል። ጉብታውን የሚያውቅ ሰው ቢያሳያቸው ይሻላል። ጉልበትዎ ይችላል?”

“በዚህ ጉልበቴ ነው የቀበርኩት። እሄዳለሁ።”

ተነሥተው የደንብ ልብስ የሚለብሱ ይመስል የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

“ሐዳሳ፣ አስማ መጥታ ከፊቴ ብትቆም ምን እላታለሁ?”

“የጠየቀችዎትን ነዋ። የት እንዳሉ ይንገሯት።”

“እነግራታለሁ” አሉ ሽበሺ። “አንዱን ፈንጂ ግን ሳልነግራት ቀድማ በእግሯ አገኘችው።”