ለእግዚአብሔር ሰጥተው የነጠቁት ፍርድ፤ የወይዘሮ በዛብሽ ይመር ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ በዜና ሕይወት የሟች ደግ ደጉ ብቻ ተለቅሞ እንደሚነበብ እናውቃለን። ወይዘሮ በዛብሽ ግን ክፉውም ሳይሸፈን እንዲነበብ ተናዝዘዋልና፣ የእድራችን ጸሐፊ እንደመሆኔ እንደታዘዝሁት አነባለሁ። ቅር የሚለው ቢኖር ከኑዛዜው ጋር ይሟገት።

ወይዘሮ በዛብሽ ከአባታቸው ከአቶ ይመር አበጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ወሰኔ በ1962 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከአቶ መንበሩ ካሳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መልከጼዴቅንና ሳሌምን አፈሩ። ባለቤታቸው በድንገተኛ ሕመም ሲለዩዋቸውም ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው በ2001 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ገቡና ጀበል ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት ከፈቱ።

ወጥ ላሳረረች ሠራተኛ እንኳ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሴት፣ ግፍ ሲያዩ ግን ዓይናቸው ደም ይለብስ ነበር። አንድ የታጠቀ ሰው ቲማቲም ሻጯን በበራቸው ላይ በዱላ ሲመታ፣ ዱላውን ከእጁ ነጥቀው «ከላስ፣ በቃህ» ብለው እንዳባረሩት የጀበል ሰው ሁሉ ያወራዋል። ያን ጊዜ እኛ ወንዶቹ በራችንን ዘግተን ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መልከጼዴቅ በጉዴሌ መንገድ ሞተር ብስክሌቱን እየነዳ ሲሄድ መኪና ገጭቶ ገደለው። ሹፌሩ የትልቅ ሰው ዘመድ ነበር። ፍርድ ቤት በቀረቡ ጊዜ ያስተረጎሙላቸው የእድራችን አባል አቶ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ዳኛው ምን ይላሉ ብለው ሲጠይቋቸው፣ «የልጄን ደም ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» አሉ። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ከክስ ሁሉ የከበደ ክስ መሆኑ ለእናንተ አይነገርም። አቶ ወልደጊዮርጊስ ቃል በቃል አስተላለፉት፤ ዳኛው ግን እናት ምራለች ብለው መዝገቡን ዘጉ፤ ሹፌሩም በዚያው ቀን ተለቀቀ።

ወይዘሮ በዛብሽ ዳኛው ጋ ሊደርሱ አልቻሉም፤ ሹፌሩም ከከተማ ጠፋ። እጃቸው የሚደርስበት አስተርጓሚው ብቻ ነበር። በእድር ስብሰባ ተነሥተው፣ «ወልደጊዮርጊስ የልጄን ደም ሸጧል። የእሱን ለቅሶ የደረሰ የእኔን አይድረስ» አሉ። አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ እርሳቸው ያሉትን ነው ያልሁት ብለው ቢምሉ ቢገዘቱ የሰማቸው አልነበረም። በእናት እንባ ፊት ማን አፉን ይከፍታል፤ ዝም አልን፤ ዝምታችንም እንደ ውሳኔ ተቆጠረ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የአቶ ወልደጊዮርጊስ ባለቤት ወይዘሮ ተሻለች በወባ ሞቱ። ድንኳን አልተተከለም፤ ንፍሮ አልተቀቀለም፤ ካህኑም አገር ቤት ሄደው ስለነበር ፍትሐት አልተደረሰላቸውም። ሙደሲር የሚባሉ ሙስሊም ጎረቤታቸውና ሦስት የሰፈር ሰዎች በዝናብ ጭቃ ተሸክመው ቀበሯቸው። ዛሬ ይህን ድንኳን የሞላን ሰዎች ያን ቀን የት እንደነበርን እያንዳንዳችን እናውቃለን። አቶ ወልደጊዮርጊስም ዕቃቸውን ሸክፈው ከጁባ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ዋው ከተማ ሄዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳሌም የመዝገቡን ግልባጭ አውጥታ ለእናቷ አነበበችላቸው። ከአፋቸው የወጣው ቃል ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ተጽፎ ተገኘ። ወይዘሮ በዛብሽ ዋው ደውለው እየተንሰቀሰቁ ይቅርታ ቢለምኑ፣ አቶ ወልደጊዮርጊስ፣ «እኔ ስለ ራሴ ይቅር ብያለሁ፤ የተሻለችን ይቅርታ ግን ከየት አምጥቼ ልስጥዎት?» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ንስሐ ገብተው ቀኖናቸውን ፈጸሙ፤ ካህኑም ፈቷቸው፤ ልባቸው ግን እሺ አላለም። በልጃቸው ሞት መቆጣታቸው ስሕተት ነው ብለው አንድ ቀን እንኳ አላሰቡም፤ ግፉ ግፍ ነበርና። የሚያንገበግባቸው፣ ፍርዱን በአፋቸው ለእግዚአብሔር ሰጥተው በእጃቸው መልሰው መንጠቃቸው ነበር። ቢዘገይብኝ ቀደምሁት፤ ቀድሜም ንጹሕ ሰው ላይ ፈረድሁ ይሉ ነበር። አትፍረዱ የሚለው ወንጌል ሲነበብ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ይቆማሉ። ወደ እድር ስብሰባም ዳግመኛ አልመጡም።

በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ልጃቸው ሳሌም፣ አንድ የልጅ ልጅና ሐይቅ የሚኖሩ ሁለት ወንድሞቻቸው ቀርተዋል።

በፍትሐታቸው ላይ ወይዘሮ ተሻለች አብረዋቸው እንዲታሰቡ ተናዝዘው ነበር። ካህኑ የወይዘሮ ተሻለችን ስመ ክርስትና ጠየቁን። ዘጠኝ ዓመት አብረናቸው ስንዘክርና ስንቀብር የኖርን ሰዎች አንዳችንም አናውቀውም። ዋው ደወልን፤ አቶ ወልደጊዮርጊስ እስከ መጨረሻው ሰሙንና ስልኩን ዘጉ። ደጋግመን ብንደውልም አላነሡም።

እግዚአብሔር የእኅታችንን የወይዘሮ በዛብሽን፣ በስመ ክርስትናቸው የወለተ ሚካኤልን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለልጃቸው ለሳሌምም መጽናናትን ይስጥልን። ለወይዘሮ ተሻለችም ነፍስ ዕረፍትን እንለምናለን። ማን ብለን እንደምንለምንላቸው ግን አናውቅም።