ጊቤ ስንደርስ ንገሪኝ
እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ስትሄድ፣ እንደ አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ የምንጓዝ መስሏት ትልቅ ድፎ ዳቦ ቋጥራ መጣች። በመኪና ስትሄድ ስንቋን የምትፈታው ጊቤን ስትሻገር ነው፤ አጠገቧ ላለው ሳታካፍልም አትቀምስም። አስተናጋጇን «ልጄ፣ ጊቤ ስንደርስ ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ «እማማ፣ ጊቤን እኮ አልፈነዋል፤ ጅማ ልናርፍ ነው» ስትላት፣ እናቴ ቋጠሮዋን አቀፈች።

ከወረድን በኋላ፣ ሻንጣ የምንጠብቅበት አዳራሽ ውስጥ «የመንገድ ስንቅ ተመልሶ ቤት አይገባም» ብላ ፈታችው። «ቢስሚላሂ በሉ» እያለች ለማታውቀው ሁሉ ቆረሰች፤ ፓይለቱ እንኳ ሲያልፍ ተቀብሎ ጎረሰ። ከረባት ያሰረ አንድ እንግዳ እያኘከ «እኚህ የማን እናት ናቸው?» አለ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የእኔ ናት» አልኩት።