ባላምባራስ አዛናው የቆሙበት ቀን

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ የመተማ ሰሊጥ ታጭዶ በየማሳው በሚደርቅበት ሰሞን፣ ባላምባራስ አዛናው በሱዳን ጠረፍ ገላባት ገበያ ዳር፣ መኪና መንገዱ መካከል ተገትረው እንግሊዝን ይጠብቁ ነበር። እንግሊዝ ማለታቸው የአካባቢው ሹም ነው። ጣሊያን መተማን ሲይዝ ርስታቸውን ቀምቶ ለባንዳ ስለሰጠባቸው፣ ሚስታቸውን፣ ልጃቸውንና የቤት ሰዎቻቸውን ይዘው ድንበሩን የሚለየውን ወንዝ ተሻገሩ። በሱዳን በኩል ከተጠለሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። መሬታቸው ማዶ ቀርቷል፤ ጌትነታቸው ግን አብሯቸው ተሻግሯል። አሁንም አገልጋያቸው አገኘሽ የውሃ ቅላቸውን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች።

በአጋጣሚ በዚያ የሚያልፈው ያረጋል ሲያያቸው ደነገጠ። ያረጋል የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ነው። ካርቱም ተምሮ እንግሊዝኛውንም ዐረብኛውንም ስለቻለ፣ በሹሙ ጽሕፈት ቤት ለስደተኞች ያስተረጉማል።

«እንደምን አደሩ ባላምባራስ? በዚህ ፀሐይ ምን ያቆምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ዳኛ እየጠበቅሁ ነው።»

«የምን ዳኛ?»

«ሹሙን ነዋ። በእንግሊዝ አገር ንጉሡም ከሕግ በታች ነው፣ ሕዝብ በመረጠው ሸንጎ ይተዳደራል፣ ትልቅና ትንሽ በሕግ ፊት እኩል ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም? እንግዲያውስ ከጣሊያን ጋር ያዳኘኝ። ስለ ጸዳለ የተባባልነውንም አልረሳሁም።»

የተባባሉት እንዲህ ነው። የባላምባራስ ልጅ ከጥምቀት በኋላ ገዳሪፍ ላለ የነጋዴ ልጅ ትዳራለች። በቤታቸው ወግ ሙሽራ ብቻዋን አትሸኝም፤ የምታገለግላት ልጃገረድ አብራ ትሰጣለች። የተመረጠችው ጸዳለ ናት፣ እዚያው ቤት በባርነት የተወለደችው የአገኘሽ አንድ ልጅ። ያረጋል ይህን ሲሰማ «በዚህ አገር ሕግ ሰው ለሰው አይሰጥም» ብሎ ተከራከራቸው። ባላምባራስም «ሕግ መሆኑን በዓይኔ ልይ። እንግሊዝ እኔን ከጣሊያን ካዳኘኝ ጸዳለን እተዋለሁ። ካላዳኘኝ ልጅቷ ትሄዳለች፤ አንተም ሁለተኛ በቤቴ ጉዳይ አትገባም» አሉት። ያረጋል በእንግሊዝ ይህን ያህል ተማምኖ ነበርና ያለማመንታት እጁን ዘርግቶ መታላቸው። አገኘሽ ይህን ሁሉ ከጓዳ ሰማች። የልጇ ዕጣ በማታውቀው ፈረንጅ አፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ካወቀች ወዲህ እህል አልበላላትም።

የሹሙ መኪና አቧራውን እያስነሳ መጣ። ባላምባራስ ኩታቸውን አጣፍተው እጃቸውን ዘረጉ። «በሕግ አምላክ» አሉ በትልቅ ድምፅ። «በእንግሊዝ ንጉሥ አምላክ ቁም።»

በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ የሚሮጠው ይቆማል፣ በበቅሎ ያለውም ልጓሙን ይስባል፤ ደጃዝማች ቢሆን እንኳ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። መኪናው ግን ጥሩንባውን ነፍቶ በጎናቸው አለፈ። ሽማግሌው አፋቸው ውስጥ የገባውን አቧራ መትፋት እንኳ ረስተው ቀሩ።

«አልቆመም» አሉ።

«ቋንቋውን ስላላወቀው ነው ባላምባራስ። በዚህ አይፍረዱበት። ይምጡ፣ ጽሕፈት ቤቱ ገብተን በወጉ እንነግረዋለን።»

ገቡ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው፣ ክሳቸውንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጥቂት ቃላት ተናገረ።

«ምን አለ?»

ያረጋል ሹሙን ቃሉን እንዲደግምለት ጠየቀው።

«ልጄ፣ አስተርጓሚ ነህ። የሰማኸውን ንገረኝ።»

«መንግሥታቸው የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ብሎ ተቀብሏል። ዛሬ ነው ወሬው የደረሳቸው። ከእንግዲህ የእርስዎ ክስ የሌላ መንግሥት የውስጥ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አይታይም ነው የሚሉት።»

ባላምባራስ ቀልድ መስሏቸው የሁለቱንም ፊት ተራ በተራ አዩ። የሚስቅ አልነበረም። በሕይወታቸው ሽንፈትም ስደትም አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ግን አያውቁም።

«ተበዳዩ ተጠርቶ ተጠየቀ?»

«አልተጠየቀም።»

«ንጉሣችን በነሱው አገር በስደት ተቀምጠው?»

«አዎ፣ እዚያው ተቀምጠው።»

«ከሳሽ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዳኛው ለወንበዴው ርስቱን አጸደቀለት ማለት ነው?»

ያረጋል ይህን ለሹሙ አስተረጎመ። ሹሙ «በግሌ አዝናለሁ» አለ። ማዘኑም የእውነቱን ነበር፤ ግን የሹም ኀዘን ፍርድ ሆኖ አያገለግልም።

ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ሽማግሌው ከፊት፣ ወጣቱ ከጎን፣ አገኘሽ ከኋላ ነበሩ። ያረጋል አንገቱን ደፍቷል። ባላምባራስ ግን ድንጋጤያቸው ወደ ንዴት ተለውጦ ነበር።

«እንግዲህ አየህ። አንድ ባሪያ ነፃ አወጣን ብለው ዓለምን ያስተምራሉ፤ አገር ሙሉ ሕዝብ ግን ለጌታ ያስረክባሉ። ይህ ነው የሕዝብ መንግሥት ያልከኝ?»

«አፍሬያለሁ ባላምባራስ። ሐሰት ነው ልል አልችልም። በገዛ ቃላቸው ሲመዘኑ ዛሬ ቀለሉ።»

«እንግዲያው ቃሉም ውሸት ነው።»

«እሱን አልቀበልም። ቄስ ቢሰርቅ አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ ይሻራል?»

«አይሻርም። ግን ከዚያ ቄስ አልማርም።»

«ከሱ አይማሩ። ትእዛዙን ግን ይያዙት። እኔም ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉንና ሕጉን የሚያስተምሩትን አንድ አድርጌ አየሁ። የጸዳለንም ነገር በነሱ ፍርድ ላይ አስያዝሁት። ልጅቷ ሰው መሆኗ እንግሊዝ በመቆሙና ባለመቆሙ የሚወሰን አልነበረም።»

«ስትረታ ጊዜ ውሉን ልታፈርስ ነው?»

«ተረትቻለሁ። የምጠይቅዎ እንዲያው ነው። ጣሊያንና እንግሊዝ ዛሬ በምን ይለያያሉ?»

«ምን ልዩነት አላቸው? ጣሊያንም እኮ ባሪያ ነፃ አወጣሁ ብሎ አዋጅ አስነግሯል፤ በማግሥቱ እኛን ሊገዛ።»

«አንድ ልዩነት አላቸው። ጣሊያንን ቃልህን በላህ ብለው አያሳፍሩትም፤ በጉልበት እገዛለሁ ብሎ ነው የመጣው። እንግሊዝን ግን ማሳፈር ይቻላል። ያንን ሰውዬ አላዩትም? ፊቱ ለምን ቀላ? በሸንጎአቸውም ይህ ግፍ ነው ብለው የተከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ማንም አላሰራቸውም። ትልቅ ቃል የገባ መንግሥት ለትንሹም ሰው የሚይዘው ጫፍ ይሰጠዋል። ጫፉን የምንይዘው ግን እጃችን ንጹሕ ሲሆን ነው።»

«የኔ እጅ ምን ሆነ?» አሉ ባላምባራስ ቆም ብለው።

«እርስዎ ዛሬ ያለ ፈቃዴ ለጌታ ተሰጠሁ ብለው ከሰሱ። ጸዳለስ ምን ብላ ትክሰስ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። ሊመቱት አስበው እንደሆነ ሊያመለክቱበት፣ እሳቸውም አላወቁትም። «የአባቴ ቤት ወግ ከጣሊያን ግፍ ጋር በአንድ አፍ አይጠራም። ልጅቷ ትሄዳለች። ነገሩ አልቋል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያረጋል እግሩ አልከተላቸው አለ።

በዚህ ጊዜ አገኘሽ የውሃ ቅሉን መሬት አስቀመጠች።

«ባላምባራስ፣ በሕግ አምላክ» አለች።

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። ባላምባራስ አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበርና በዚያው አንጠልጥለው ቀሩ። በቤታቸው ሠላሳ ዓመት ሲጠሩ የኖሩት «ጌታዬ» ተብለው ነው። ይህ ቃል ከአገኘሽ አፍ ይወጣል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። መጀመሪያ ያልሰሙ መስለው ሊያልፉ አሰቡ። ወዲያው የጠዋቱ መኪና፣ ጥሩንባውና አቧራው ትዝ አላቸው። አንድ እርምጃ ቢራመዱ ያ መኪና እሳቸው መሆናቸው ነው።

እግራቸውን አወረዱና ቆሙ።

አገኘሽ መጥታ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ እንዲህ ተቆራኝተው መሄዳቸው የቆየ ወግ ነው። ባሪያ ከጌታዋ ጋር ስትቆራኝ ግን ያየ አልነበረም። አጥብቃ ለማሰር ስላልደፈረች ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታባት። በመጨረሻ ቋጠሮውን ያጠበቁላት ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው።

«ዳኛ ጥሪ» አሏት።

ከሰፈሩ መግቢያ ሙሐመድጣሂር የተባለው ነጋዴ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ሰሊጥ ያስነፋ ነበር። አገር የሚያከብረው ሽማግሌ ነው። የተቋጠረውን ልብስ ሲያይ ወንፊቱ እንዲቆም አዘዘና ተነሣ።

«ባላምባራስ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የመንገድ ዳኛ አድርገንዎታል። እኔ ተከሳሽ ነኝ።»

«አንቺስ፣ ምን ትያለሽ?»

አገኘሽ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ተናገረች። «ማዶ ያለው መሬት የጌቶች ነው፤ ጣሊያን መልስ ቢባል ደስ ይለኛል፣ እኔም እዚያው ነው የተወለድሁ። ጸዳለን ግን የወለድኋት እኔ ነኝ። ሳልጠየቅ ተሰጠችብኝ። ሌላ ክስ የለኝም።»

ሙሐመድጣሂር ወደ ባላምባራስ ዞረ። «መልስዎን ይስጡ።»

ባላምባራስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስለ አባታቸው ወግ የሚናገሩት ብዙ ነበራቸው። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው። «ተበዳይዋ ተጠርታ አልተጠየቀችም» አሉ። ይህን ቃል ጠዋት ለማን እንደተናገሩት ሲያስታውሱ ድምፃቸው ተሰበረ። «ዳኛው ሳይደክም እኔው ልጨርሰው። ጸዳለ አትሄድም። አገኘሽም ከዛሬ ጀምሮ ብትሄድ መንገዱ የሷ ነው፣ ብትቀመጥም ለሥራዋ ደመወዝ አላት። ያረጋል፣ አንተ ምስክር ነህ።»

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ያለ ደንገጡር ሆነ። የባላምባራስ ሚስት ሳምንት አኮረፉ፤ የሙሽራው ወገኖችም አንሾካሾኩ። ሙሽራዪቱ ግን ገዳሪፍ ገብታ ውሃዋን ራሷ መቅዳት ለመደች፤ ከአማቷ ጋርም ጉድጓዱ ዳር እየተጨዋወቱ ተዋደዱ። አገኘሽ ከሰሊጥ ነፊዎቹ ጋር ውላ የራሷን ጎጆ ቀለሰች። ጸዳለ ከያረጋል ዘንድ ፊደል ቆጠረች። ለባላምባራስ የተረፋቸውን ግን እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩ የተሻለ ነው፦ «ቀድሞ ክሴን ስናገር የራሴ ቤት ይሟገተኝ ነበር። አሁን ቀና ብዬ እከሳለሁ» ይሉ ነበር።

የሚከሱበት ቀንም መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዝ ራሱ ከጣሊያን ጋር ተዋግቶ፣ ጥር ላይ መተማ ስትለቀቅ፣ አንድ ሌላ መኮንን ወደ ደጋ የሚመራ ሰው ፍለጋ ሰፈራቸው ድረስ መጣ። በያረጋል አፍ ስለ ነፃነትና ስለ ወዳጅነት ረጅም ንግግር አደረገ። ባላምባራስ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ ተነሥተው የካፖርቱን ጫፍ ያዙና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

መኮንኑ ደንግጦ ያረጋልን አየው። «ምን ማድረጋቸው ነው?»

«አብሬህ እሄዳለሁ ማለታቸው ነው፤ የመንግሥትህ ጉዳይ ግን ገና ዳኛ ፊት አልቀረበም።»

«ይህንንም ንገረው» አሉ ባላምባራስ፣ በሕዝቡ መካከል የቆመችውን አገኘሽን በከዘራቸው እያሳዩ። «እኔ ይህች ሴት በሕግ አምላክ ስትለኝ ቆሜያለሁ። እናንተስ ስትጠሩ ትቆማላችሁ?»

ያረጋል አስተረጎመ። መኮንኑ ካፖርቱን ሊስብ ሞከረ፤ ቋጠሮው ግን ጠብቆ ነበርና ባለበት ቆመ።