አዛዡ የሌላ፣ ታዛዡ የሌላ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ገብረጻድቃን ወልዱ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ብስክሌት ጠጋኝ
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ግንቦት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡10 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ
ተጠርጣሪ፦ መርጋ ዋቅጅራ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ቢሊሴ ደጋጋ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ካዛንቺስ ውስጥ ብስክሌት መጠገን ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ተጠርጣሪው መርጋ ስምንት ዓመት እኔ ዘንድ ሠርቷል፤ ሙያውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ትቶኝ ሄዶ የአንድ ብስክሌት ክለብ ቴክኒሻን ሆኗል። ክለቡም ያን ጊዜ ሥራውን ከእኔ ወስዶ ለእሱ ሰጠው። የግል ተበዳይ ሳምራ መሐመድአሚን የዚያ ክለብ ተወዳዳሪ ናት፤ ብስክሌቷን መጀመሪያ ከካርቶን አውጥቼ የገጣጠምኩት እኔ ነበርኩ። ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለኝም። ከመርጋ ጋር ጸብ አለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ በኋላ እናገራለሁ ብያለሁ።

እሑድ ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡40 ሰዓት ሲሆን ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ በሚወስደው ዳገት ዳር ቆሜ ውድድሩን እመለከት ነበር። ሳምራ ሦስተኛ ዙሯን ስትጀምር ከፊት ከነበሩት አራት ሴቶች አንዷ ነበረች። ዳገቱ ሲከብዳት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወደ ቀላሉ ማርሽ ቀየረች። ወዲያው ብረት ሲሰበር ሰማሁ። ሰንሰለቱ የመጨረሻውን ጥርስ አልፎ የኋላው ቸርኬ ሽቦ ውስጥ ገባ፤ ጎማው ባለበት ቀጥ አለ፤ ልጅቷም ከመሪው በላይ ተሽቀንጥራ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ከኋላዋ የነበረችው ተወዳዳሪም ወጣችባት። ስደርስ ቀኝ እግሯ ከጭኗ ላይ ተጣሞ ነበር። አላለቀሰችም፤ ብስክሌቴን አንሱልኝ ነበር የምትለው። እግሯ ውስጥ ብረት እንደሚገባ፣ ዳግም መወዳደሯም እንደማይታወቅ ከአባቷ ሰምቻለሁ።

ብስክሌቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንዳየሁት ደሜ ፈላ። ቃሌን የሚቀበሉት ሳጅን ብስክሌት ነድተው እንደማያውቁ ስለነገሩኝ ለደንበኛ እንደማስረዳው አስረድቻለሁ። መሪው ላይ ያለውን የማርሽ መቀየሪያ እኔ ቤት አዛዥ እንለዋለን። ከኋላ ሆኖ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን ደግሞ ታዛዥ። በመካከላቸው አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። አዛዡ ቀጭ ባለ ቁጥር ሽቦውን በልክ ይስባል፤ ታዛዡም በዚያው ልክ አንድ ጥርስ ይሻገራል። ልኩ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሳምራ ብስክሌት ላይ ያገኘሁት የአንዱን ፋብሪካ አዛዥ ከሌላው ታዛዥ ጋር ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው እንከን የላቸውም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አዛዡ ቀጭ ባለ ቁጥር ትንሽ ትርፍ ይስባል፤ ትርፉ እየተጠራቀመ ሄዶ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ሰንሰለቱን ያሳልፈዋል። እንዳያልፍ የሚገታ ብሎን ነበር፤ እሱም ላልቷል። የመጨረሻው ጥርስ አልገባ ሲለው መርጋ አላልቶት ነው። ብስክሌቱ ተሰቅሎ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ደህና መስሎት ይሆናል። ዳገት ላይ የሰው ጉልበት ሲያርፍበት ሌላ ነገር ነው።

እዚያው ቆመን ሳለ የክለቡ ኃላፊ አቶ ነጋሲ መጡ። ልጅቷ ገና ከአስፋልት ሳትነሳ ለትራፊክ ፖሊሱ ‹‹ቴክኒሻኑ አጥብቆ ስላልገጠመው ነው›› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ውሸት ነው። ሰኞ ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ሳምራ እንደነገረችኝ፣ ረቡዕ ልምምድ ላይ መስቀል ፍላወር አካባቢ ሚኒባስ ገጭቷት መሪው ላይ የነበረው የቀድሞው መቀየሪያ ተሰበረ። የሌላ ፋብሪካውን ከውጭ አገር ከመጣ መንገደኛ ተቀብለው ያመጡት አቶ ነጋሲ ናቸው። መርጋ ትክክለኛው እስኪገኝ እሑድ ትቅር ብሎ ለምኗል። እሳቸው ግን ‹‹እሷ ከቀረች አንተም ትቀራለህ›› አሉት። ባለሦስት ልጅ ነው፤ ገጠመው። ዛሬ እሱ ታስሯል፤ እሳቸው ቢሯቸው ተቀምጠው ስልክ ያነሳሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ተረቱ ለምርመራው አያስፈልግም ቢባልም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

በመርጋም ተናድጃለሁ። ዓይን እያለው ብሎን ማላላት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ነገር ግን ‹‹የማይላመድ ዕቃ የለም›› የሚለው ትምህርት የእኔ ነው። አገሩ ሁሉ የአንዱን ዕቃ ለሌላው እያላመደ ነው የሚኖረው፤ እኛም እንደዚያው። በድሮው ብስክሌት እውነት ነበር፤ አዛዡ ቀጭ አይልም፣ ነጂው በእጁ እየዳበሰ ጥርሱን ይፈልጋል፣ የማንም ከማንም ጋር ይሠራል። በአዲሱ እንደማይሆን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት የአንድ ፈረንጅ ብስክሌት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያታግለኝ ነው። ለመርጋ አልነገርኩትም። ምን አገባኝ ብዬ።

ከውድድሩ በፊት መርጋ አግኝቶህ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አዎ። ሐሙስ ግንቦት 11 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የተሰበረውንና አዲሱን መቀየሪያ ይዞ ሱቄ መጣ። ‹‹ጋሼ፣ የዚህ የተሰበረው ዓይነት አንድ አያጡም። ከሌለም ይሄኛው ከኋላው ጋር ይግባባ እንደሁ በቃ እሱን ይንገሩኝ›› አለኝ። ቀና ብዬም አላየሁት። ‹‹የለኝም። ስትሄድ አልጠየቅከኝ፣ ዛሬም አትጠይቀኝ›› አልኩት። የያዝኩትን ጎማ ለጥፌ እስክጨርስ በር ላይ ቆመ። ከዚያ ‹‹እሺ ጋሼ›› ብሎ ሄደ።

ነበረኝ። አገር ለቆ የሄደ ደንበኛ የተወልኝ፣ ከሳምራ ብስክሌት ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት መቀየሪያ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ካርቶኑም አልተከፈተም። እሱንም ባልሰጠው፣ አይግባባም ማለት አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ነፈግኩት። ልጅቷ ትውደቅ ብዬ አይደለም። ማርሹ እየዘለለ ያስቸግራታል፣ መርጋ በሰው ፊት ያፍራል፣ ክለቡም ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ ነው። በማግስቱ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት። ከመርጋ ጋር ጸብ አለህ ወይ ለተባልኩት መልሴ ይህ ነው፤ እሱ ከእኔ ጋር የለውም፣ እኔ ነበረኝ።

ዛሬ ስመጣ በአቶ ነጋሲ ላይ ልመሰክር እንጂ ይህን ልናገር አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ መርጋ ከጠባቂው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ በካቴና ታስሮ ሳለ ሲያየኝ ብድግ አለልኝ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎንም አደከሙዎት። ጋሼ ቢኖራቸው ኖሮ አይነፍጉኝም ነበር ብዬ አስጽፌያለሁ፣ በእርስዎ እንዳይመጡ›› አለኝ። መርጋ ከሰጠው ቃል ውስጥ ይህ እውነት አይደለም፤ እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ዕቃ አልሰጥም ማለት በሕግ እንደማያስጠይቅ ሳጅኗ ነግረውኛል። ሕጉን አልተከራከርኩም። ይጻፍ ነው ያልኩት።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔን የሚነካውንም መስመር አላስወጣሁም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገብረጻድቃን ወልዱ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ቢሊሴ ደጋጋ (ተፈርሟል)

ምስክሩ በራሱ ፈቃድ ያስረከበው ኤግዚቢት፦ አንድ የብስክሌት ማርሽ መቀየሪያ፣ በካርቶኑ እንዳለ፣ ያልተከፈተ።