የውዳሴ ሬዲዮና የመኪናው ኮምፒውተር

እንዴት አደርሽ ቡዜዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ነይ እዚህ ከኔ ጋር ቁሚ፣ ማንም አይቆጣም። ሳሙና መጣ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ አሰልፈውናል፤ እስካሁን የመጣው ፀሐይ ብቻ ነው። ምን ቸኮልን... እንጫወታለን። እኔ እንደሆነ ሬዲዮኔ ዝም ካለች ወዲህ ጨዋታ ናፍቆኛል።

አልሰማሽም እንዴ? የተበጠሰው የመርፌዋ ክር ብቻ ነበር እኮ። ጣቢያ መቀየር አቃታት እንጂ ድምጿማ እስከ ለቡ ይሰማ ነበር። ለአንድ ጎበዝ ልጅ ሰጠኋት... ስሙ ምን ያደርግልሻል? የሠፈራችን ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። እንደሱ ያሉ ጥቂት ቢኖሩን አገራችን ከውጭ ዕቃ ባላስመጣች ነበር። የጎደለውን ከጎረቤት ያገኛላ።

በዚያው ሰሞን የአንድ እርዳታ ድርጅት መኪና ተበላሽቶ ደጁ መጣ። ኮምፒውተር ያለው ነው አሉ። ለካ ኮምፒውተር የሚሉት ከወንበር ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያለች ሰሌዳ ናት፤ ሞተሩን የምታዘው እሷ ናት። ልጁ ከፈተና አያት። ላይዋ ላይ የተተከሉት ካፓሲተሮች... የእርሳስ ላጲስ የሚያካክሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ጣሳዎች ናቸው... አርጅተው፣ አብጠው፣ ውሃቸውን አንጠባጥበዋል። የግድ መለወጥ አለባቸው። ከየት ይምጣ? መርካቶ ቢሄድ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን "አልቻልኩም" ብሎ ይመልስ ነበር። እሱ ግን ሰው ማሳፈር አይወድም። ዞር ሲል መደርደሪያው ላይ ውዳሴ የምትባል የአንዲት መበለት ሬዲዮ ቁጭ ብላለች...

መኪናው ተነሣ። ጡሩምባው ተነፋ፣ ሠፈሩ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽሽም። ሬዲዮኔም ተመለሰችልኝ፤ ክሯ ተቀይሮ፣ ተወልውላ። መርፌዋ ከጫፍ ጫፍ ትሮጣለች፤ ድምፅ ብቻ የለም። ብጠይቀው፣ "እትዬ፣ ጣቢያው ነው የተዘጋው" አለኝ። አየሽ ጨዋነቱን? ጥፋቱን በመንግሥት ሲያላክክ እንኳን ማንም እንዳይሰማው በሹክሹክታ ነው።

ያለፈው እሑድስ? ይህንን እንኳ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ በእግሩ አይላክም ብሎ፣ "ለሙከራ ነው" ብሎ ያንኑ መኪና አስነሥቶ ሽማግሌዎቹን ጫናቸው። እንዴት ያለ አክባሪ ነው? ፉሪ ጭቃው ላይ ሲደርሱ ከወንበሩ ሥር ጧ! አለ። አንዷን ካፓሲተር ገልብጦ ተክሏት ኖሯል፤ መደመርና መቀነስ አላት አሉ፣ ከተገለበጠች ትፈነዳለች። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው መኪና ገፉ። ገዲሴን የምታህል ልጅሽን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው መጀመሪያ የእግር ውሃ የጠየቁሽ ለዚያ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሂርጳ ናቸው፣ የኔው አበልጅ። ሣጥኑ ሲከፈት ጎንበስ ብለው አዩ። እዚያ ካሉት ጣሳዎች አናት ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ብሏል። የመርካቶውን ሬዲዮ ጠጋኝ አብደላን ታውቂው የለ? የለወጠውን ዕቃ ሁሉ በዚያ ቀለም ምልክት ያደርጋል፣ የሱ ሥራ መሆኑ እንዲታወቅ። ዓምና ሬዲዮኔን ሲያድስልኝ ጋሽ ሂርጳ አብረውኝ ነበሩ፤ "ሬዲዮሽን ኩል ኳላት" ብለው ስቀውብኛል። እሑድ ግን አልሳቁም።

ውይ፣ ያ ከፊታችን የተሰለፈው ልጅ ጆሮው እንዴት ቀላ... ፀሐዩ ነው መሰለኝ። ነጠላዬን ላውሰው ይሆን?

እኔማ ምን ብዬ እቀየማለሁ? ሬዲዮኔ ሽማግሌ ሆና አንቺ ቤት ተላከች እኮ፤ እኔ እንኳ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ነገ ዛሬ መልስ ስትሰጪ የኔን ወሬ ከቁም ነገር አትቁጠሪው። እንዲህ ያለ ባለሙያ አማች ከየት ይገኛል? ቤቱ አንድ ነገር ቢጎድል ከየት እንደሚያመጣ ያውቃል።

ብቻ እግዜር ይባርከው። እጁ አይንጠፍ፣ ጎጆው ይሙቅለት። ገዲሴንም ከሰጠሽው እንደ ሬዲዮኔ አሳምሮ ይያዝልሽ። ልትጠይቅሽ ስትመጣም እንደኔዋ ተወልውላ፣ አምራ፣ ድምጿን ሳታሰማ ትምጣልሽ... አሜን በይ እንጂ።