ላሚቱን እለቡ፣ ስሟን አትጥሩ

የኔአለም ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ጥግ ተቀምጣ፣ በሁለት መቶ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ቁራጭ ወረቀት በኮላ ትለጥፋለች። መጽሐፉ ዳይስ እየጣሉ ታሪክ ለሚፈጥሩበት የጠረጴዛ ጨዋታ የጻፈችው ነው። የጨዋታውን ሕግ ያወጣው የድሮ ባልደረባዋ፣ ማንም ወስዶ የራሱን ታሪክ ይጻፍበት፣ ያሳትም፣ ይሽጥ ብሎ በክፍት ፈቃድ ለቆታል። «ጮቄ» የሚለውን የጨዋታውን ስም ግን የአገሯን ተራራ አስባ ያወጣችለት እርሷ ነበረች። እርሱ ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው። እርሷ ሽፋኑ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ከጮቄ ጋር የሚሄድ» ብላ ብታሳትም፣ ስሙ ይሸፈን የሚል ደብዳቤ ላከባት። ዛሬ ደግሞ መሸፈኑን ሊያረጋግጥ ራሱ መጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት የተለጠፉትን አንድ በአንድ ያያል።

የሰንበቴ ጥሪ ሊያሳትሙ በጮቄ ግርጌ ካለችው ከሮብ ገበያ ከተማ የመጡት የቅኔ መምህር፣ የኔታ ወልደ ሰንበት፣ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ቀና ሳትል ወሬ ጀመረችላቸው።

«የኔታ፣ ሮብ ገበያ ክረምቱ እንዴት ነው? ገብሱስ? … ተመስገን። እዚህም ደግ ሰው በዝቷል። አንድ የማውቀው ደግ አለ … ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት ፈቃድ ይጠይቃል። ላሚቱን ለአገር ሰጠ። እለቧት፣ ናጡ፣ ቅቤውንም ሽጡ አለ። ስሟን ብቻ እንዳትጠሩ … አይ ደግነት። ስሟን ያልጠሩላት ላም ወተቷን እንደምትይዝ እርስዎ አያጡትም፤ እርሱ ከየት ይወቀው?

«ስሙን ማን አወጣው አይበሉኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ አስመዝጋቢው ሌላ ነው። እኔማ በልጅነቴ በሬን ስከፍት የማየው ጋራ ነው ብዬ … ተዉት። ለካስ ጋራም ባለቤት አለው። ጉሙስ ሊያርፍበት ሲል ደብዳቤ ይደርሰው ይሆን? ለምሕላ ወደ ጋራው ስትወጡም ስሙን ዋጥ አድርጉት፤ እግዜር መቼም በምልክት ይገባዋል።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰውዬው እጅ አንድ ሽፋን ላይ ቆመ።

«እኔ መቼ ከፋኝ? ፈቃዱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁ። ልክ ነው። ጠንቃቃ ነው። ሦስት ክረምት አብረን ስንሠራ ሥራውን ለእኔ ትቶ ስሙን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሰው ያለችውን አይደል የሚጠብቅ?»

ሰውዬው አንዱን መጽሐፍ ወደ እርሷ ገፋው። የወረቀቱ ጠርዝ ተላቆ «ጮ» ብቅ ብላለች። ተቀበለችው። ራሷ ያወጣችው ስም ላይ ኮላ ጨምራ፣ እስኪጠፋ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችው። ድምጿ ግን እንደ ማር ነበር።

«እንዲህ ያለውን ሰው መመረቅ ነው፣ የኔታ። ዕድሜ ይስጠው። ስሙን ይጠብቅለት፤ ሌባ አይንካበት፣ ሞክሼ አይምጣበት። እንደ ምኞቱም ያድርግለት … ከራሱ በቀር ስሙን የሚያስጠራ አይነሣበት።»